ለማጁ ማን ነው?

ጥቅምት 6

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ገና መራመድ ሳትጀምር የቤቴን ብሎን ሁሉ ፈታተህ ለጨረስከው ለብሎኔ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤና፣ ጥሩ እንቅልፍና የማይጮህ አለቃ ይስጥህ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ፍሬን ለመርገጥ አልሰነፈም።

ለምን አልደወለችም እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ሳወራህ ከጀርባህ ሳህን ሲንኳኳ፣ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል። "እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ" ትላለህ፤ ከዘጋን በኋላ ግን ምን እንዳልኩህ ብትጠየቅ አታውቀውም። ደብዳቤ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይፈልጋል። ስለዚህ ቁጭ በል።

የላክልኝ መኪና ከመጣ ሁለት ወር ሞላው። አንተን ሳልመርቅ የዋልኩበት ቀን የለም። ሞተሩ ድምፁ አይሰማም፣ ወንበሩ ወገብ ይደግፋል። በኔ በኩል ሁለተኛውን የአሠልጣኝ ፍሬን ፊውዝ ገጥሞልኛል። ፊውዝን ታስታውሰዋለህ? መሪ ሳስይዘው ሦስት ወር ሙሉ በላብ ይጠመቅ የነበረው ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ የታወቀ የመኪና ኤሌክትሪሻን ሆኗል። ከኋላ "ለማጅ" የሚለውን ሰሌዳ ሰቅዬ ማሠልጠን ጀምሬያለሁ።

ችግሩ ከመሀል የተገተረው ስክሪን ነው። መሪው ላይ አፍ የተሳለበትን ቁልፍ ስጫን አንዲት ሴትዮ በኛው ቋንቋ "ምን ልታዘዝ?" ትላለች። ጨዋ ናት። "ሬዲዮ ክፈቺ" ስላት ትከፍታለች። "ወደ ገበያው ምሪኝ" ስላት ትመራኛለች። ከአርባ ሳልፍ ግን ፀባይዋ ይለወጣል። "ፍጥነት ቀንሺ" ትለኛለች። አልቀንስም ስላት ሬዲዮኑን ትዘጋብኛለች፣ ነዳጅ ብረግጥም መኪናው አልሄድም ይላል። ከከተማው መውጫ ድልድዩ ጋ ስደርስ ደግሞ "ከተፈቀደልሽ ክልል ወጥተሻል" አለችኝ። ማነው ለኔ ፈቃጁ? ስክሪኑ ላይ የሚጻፈው እናንተ አገር ቋንቋ ስለሆነ አላነበው ነገር፣ ከሴትዮዋ ጋር ስጨቃጨቅ እውላለሁ።

ቀልድ እንዳይመስልህ። ለማጆቼ ለፈተና ፈጣኑ መንገድ ላይ ገብተው በስድሳ መንዳት አለባቸው። በአርባ ያስለመድኩትን ሰው በምን አፌ በስድሳ ተፈተን እለዋለሁ? ሁለቱ ጥለውኝ ወደ ሌላ ማሠልጠኛ ሄደዋል። ፈተናው ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበትን ሥራ በአንድ ስክሪን ልነጠቅ ነው። አንተ ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ስክሪን በስልክ የምትጠግን ባለሙያ ነህ፤ የኔን በደብዳቤ ጠግንልኝ።

አባትህ ደህና ነው፣ ስፌቱ ላይ ነው። ልጄም ፋርማሲዋ ውስጥ ደህና ናት፤ መድኃኒት ስትሰጥ ውላ ማታ ለኔ ምክር ትሰጣለች።

አክስትህ፣ ከመኪናው ውስጥ መሪው ላይ አስደግፋ የጻፈችው


ጥቅምት 27

ይድረስ ለማከብርሽ፣ ለምወድሽ፣ አንዳንዴም ለምፈራሽ ለእትዬ ፍሬን፤

ተማሪዎችሽ ባወጡልሽ ስም በመጥራቴ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ ጉልበትሽ ይጠንክር። እኔ ሥራው ቢያሰለቸኝም ደህና ነኝ። ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ሳህንም አላጠብኩም።

ለስክሪኑ እነዚህን ሞክሪ። መጀመሪያ ሞተሩን አጥፊና በሩን ከፍተሽ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ፤ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው እንደዚያ ነው። ካልሆነ የድምፅ ማስተካከያውን ክብ ቁልፍ ዐሥር ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፤ ይጠቁርና ራሱ ተመልሶ ይበራል። በድምፅ ስታዢ መስኮት ዝጊ፣ ማራገቢያውን አጥፊ፣ አጠር አድርገሽ ተናገሪ። እትዬ፣ ቁጣ አይገባትም። ለተማሪ እንደምትጮኺው አትጩኺባት።

እስከዚያው ደግሞ አርባ ያን ያህል መጥፎ ፍጥነት አይደለም። አምና የግቢውን ግድግዳ ከመታሽ ወዲህ ሁላችንም እናስብልሻለን።

ልጅሽን፣ እህቴን፣ አባዬንም ሳሚልኝ።

ልጅሽ ብሎኔ


ኅዳር 15

ይድረስ ለብሎኔ፤

ሰላምህ ይብዛ፣ እጅህ አይታጠፍብህ።

ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ። መኪናውን አጥፍቼ በሩን ከፍቼ በብርድ ሁለት ደቂቃ ቆምኩ። ጎረቤት መጥቶ "ተበላሸ እንዴ?" አለኝ። "ሴትዮዋ እስክትተኛ እየጠበቅሁ ነው" አልኩት፤ ቤቴ እንግዳ ያደረ መስሎት ዝቅ ባለ ድምፅ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ከዚያ ክብ ቁልፉን ዐሥር ሰከንድ ያዝኩ። ሲጠቁር ደስ አለኝ። ሲበራ የምወደውን ጣቢያ ረስታለች፣ ስልኬን ረስታለች፣ የቤቴን መንገድ ረስታለች። አርባን ግን አልረሳችም።

መስኮት ዘግቼ፣ ማራገቢያውን አጥፍቼ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጌ "የፍጥነት ገደቡን አንሺ" አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ይህን ትእዛዝ መስጠት የሚችለው የመኪናው ባለቤት ብቻ ነው።" ታዲያ እኔ ማን ነኝ? ሊብሬው ላይ ያለው የማን ስም ነው? ሊብሬውን አውጥቼ ስክሪኑ ፊት ያዝኩላት፤ የሠራሁትን ሞኝነት ለሰው እንዳትነግር።

"አርባ መጥፎ ፍጥነት አይደለም" ያልካትን ነገር ሁለቴ አነበብኳት። አንድ የመኪና ባለሙያ መኪና ተበላሸ ሲባል ብልሽቱን ሲያመሰግን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ግድግዳው ሌላ ቀን።

ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ለደንበኞችህ የምትለውን ሳይሆን የምታውቀውን ንገረኝ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፤

ሰላምና ጤና እመኝልሻለሁ።

ያለቀው የሶፍትዌሩ ዕድሜ ይመስለኛል። መታደስ አለበት። እድሳቱ ከፋብሪካው ተራ ጠብቆ ነው የሚመጣው፤ አንድ ወር፣ ምናልባትም ሁለት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ምንም ነገር ባትነካኪ ይሻላል። ፊውዝም እንዳይነካካው ንገሪው።

እትዬ፣ በዚህ አጋጣሚ ትንሽ ብታርፊስ? ሠላሳ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። አንቺ እኮ ለሁላችንም ሮጠሻል።

ልጅሽ


ጥር 20

ብሎኔ፤

ዛሬ ምርቃት የለም። ሲኖረኝ እልክልሃለሁ።

ፊውዝ አይንካው ስትል ነገር እንዳለ ገባኝ። ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት መኪናውን ይዤ በቀጥታ ጋራዡ ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነበዋል፤ ሥራው ነው። ገለጥ ገለጥ ሲያደርግ ቆይቶ ሳቁ መጣበትና መልሶ ዋጠው።

"ምን አገኘህ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ይሄ ነገር አልተበላሸም።"

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው?"

"ታዞ ነው። ባለቤት የሚለው ቦታ ላይ የብሎኔ ስም ነው ያለው። ሁለተኛ አሽከርካሪ እርስዎ ነዎት። ከስምዎ ሥር ደግሞ..." ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

"ምን ይላል?"

"አይቆጡኝም?"

"አንተ ፊውዝ!"

"ለማጅ ይላል።"

ለማጅ! ሰሌዳው ከመኪናው ኋላ የተሰቀለው ለተማሪዎቼ ነበር፤ ለካ እኔው ነኝ። ሦስት ጊዜ ፈተና ወድቀህ በአራተኛው ያሳለፍኩህ እኔ! ወላጅ ለአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ የሚያስገባውን ገደብ አስገብተህብኛል። ፍጥነቴን፣ መንገዴን፣ የትኛው ጥግ ላይ እንደቆምኩ ሳይቀር ስልክህ ላይ ታያለህ አለኝ ፊውዝ።

ሁለቱን ደብዳቤዎችህን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። አጥፊ። አብሪ። መስኮት ዝጊ። ተራ ጠብቂ። እያወቅህ! በብርድ በር ከፍቼ ስቆም የሚያቆመኝ የራስህ እጅ መሆኑን እያወቅህ! አዎ፣ ተናድጃለሁ። አፍሬብሃለሁም። ፊት ለፊት "እትዬ፣ መንዳት አቁሚ" ብትለኝ ተጨቃጭቀን፣ ተዘላልፈን በሰላም እንለያይ ነበር።

ምሥጢሩን ልጄም ታውቅ ኖሯል። ሁለተኛው ቁልፍ እሷ ጋ ነው፤ አምና እሷ ቤት ተሰብስባችሁ፣ አንተም ከስልኩ ውስጥ ሆነህ፣ ስለ ዓይኔና ስለ ጉልበቴ የተመካከራችሁ ቀን የተወሰነ ነው አለችኝ። "ጥሩ መኪና ይላክላት፣ ግን እንጠብቃት" የተባለው እኔ ተነሥቼ ከሄድኩ በኋላ ነው አሉ። አባትህም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ከመውጣቴ በፊት ስኳር ያልጨመረበትን ሻይ ሲያማስል አይቼዋለሁ። እስኪናገር ጠበቅሁት። አልተናገረም።

አሁን ስማኝ። ከዚያ ሆነህ ስልክህን ነካ አድርገህ ልትከፍትልኝ እንደምትችል አውቃለሁ። እንዳታደርገው። ዛሬ ከፍተህ ነገ የምትዘጋውን መኪና አልነዳም። መመሪያው መጽሐፍ ገጽ 112 ላይ ፊውዝ አንብቦልኛል፤ ሁለቱም ቁልፎች መኪናው ውስጥ ካሉ የቀድሞውን ባለቤት ሰርዞ አዲስ መመዝገብ ይቻላል። አንዱ ኪሴ ውስጥ ነው። ልጄ ሁለተኛውን አልሰጥም ብላለች። ጊዜ እሰጣታለሁ፣ ግን እወስደዋለሁ።

የቀሩት ሦስት ለማጆቼ በፊውዝ መኪና ተለማምደው ፈተናውን አልፈዋል። በስድሳ።

ግድግዳውን ማን እንደመታው ደግሞ አባትህን ጠይቀው።

እትዬ ፍሬን፣ ለማጅ


የካቲት 12

ይድረስ ለአክስቴ፤

ሰላምታ ለመስጠት አፌ አልደፈረም። ግን ዕድሜሽ ይርዘም፤ እሱን ሳልል ወረቀቱን ማሸግ አልችልም።

ዋሽቼሻለሁ። በየቀኑ ለማላውቀው ሰው የምናገረውን ደረቅ ነገር ላንቺ ጻፍኩ፤ ያፈርኩበትም ለዚህ ነው። እኔ ፈርቼ ነበር። ከዚህ ርቀት ሰው የሚፈራው ነገር ሁሉ ትልቅ ነው። እህቴ "እማዬ የግቢውን ግድግዳ መታች" ብላ ስትደውል፣ ከዚያ ቀን በኋላ የስልክ ጥሪ በሰማሁ ቁጥር አንቺ ነሽ የምትመጪብኝ።

አባዬን ጠየቅሁት። ከጀርባው የስፌት መኪናው ይሰማኝ ነበር፤ ቆመ። ከዚያ "እኔ ነኝ" አለኝ። አራት ጠዋት ደብቀሽ አስተምረሽዋል። እኔ ስመጣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ነድቶ ሊቀበለኝ ነበር። "እግሬ አርባ ዓመት የስፌት መኪና ፔዳል ነው የረገጠው" አለኝ። "ግድግዳው ፊቴ ሲመጣ ደነገጥኩ። ስደነግጥ የማውቀውን ረገጥኩ፣ መርገጤንም ቀጠልኩ።" ለማንም እንዳትናገሪ ለምኖሻል። ከዚያ ስብሰባው ላይ ሻዩን አማሰለ።

ተቆጣሁት፤ ቀጥሎ ለኔ ብሎ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ።

መኪናውን ከዚህ አልነካሁትም። እህቴን ቁልፉን ስጫት አልኳት፤ "እናቴ ናት፣ እኔ እወስናለሁ" ብላ ዘጋችብኝ። ከማን እንደወረሰችው ይገባኛል።

ሚያዝያ 14 ጠዋት እደርሳለሁ፤ ሦስት ሳምንት ፈቃድ አግኝቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ፍጥነቱም ክልሉም ይቅር። ስልኬ ላይ የምትታየዋን ነጥብ ብቻ ተዪልኝ። ምሳዬን ስበላ ከገበያው ወደ ማሠልጠኛው ስትሄድ፣ አደባባዩን ስትዞር አያት ነበር። ለቁጥጥር አልነበረም እትዬ፤ ናፍቀሽኝ ነው።

ብሎኔ


መጋቢት 8

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለብሎኔ፤

ያጎደልኩብህ ምርቃት ከነወለዱ ይኸው፦ መንገድህ ይቃና፣ ጉዞህ ይመር፣ ሻንጣህ አይጥፋ።

ቁልፉን አገኘሁት። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ሦስት ጊዜ ፋርማሲው ሄጄ፣ ልጄ ሦስቱንም ጊዜ "እማዬ፣ ደንበኛ አለብኝ" ብላ ሸኘችኝ። በአራተኛው ባንኮኒው ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "አልሄድም" አልኳት። "እዚሁ እስክትዘጊ እቀመጣለሁ፤ ነገም እመጣለሁ።"

"ብትሞቺብኝስ?" አለችኝ።

"እሞታለሁ እንጂ። ግን በአርባ አይደለም።"

እሷ ስታለቅስ፣ እኔ ላለማልቀስ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ፣ አባትህ ገባ። የልክ መውሰጃ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው፤ ሱቁን ክፍት ጥሎ ነው የመጣው። ሦስት ደንበኞች ቆመዋል። ሰላም እንኳን ሳይል "ግድግዳውን የመታሁት እኔ ነኝ" አለ። "እሷ አጠገቤ ነበረች። ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ስጫት።" አንዲት ደንበኛ "ይስጧት እንጂ!" አለች፤ ማን እንደሆነች እስካሁን አላውቅም። ልጄ መሳቢያውን ከፈተች።

የኔን ጥፋት ደግሞ ልናገር፣ ንጹሕ ነኝ እንዳልል። ያን ሳምንት የአሮጌው መኪናዬ ሁለተኛ ፍሬን ገመዱ ተበጥሶ ነበር። እያወቅሁ ወንድሜን መሪ አስያዝኩት፤ ቀርፋፋ ነው፣ ምን ያመጣል ብዬ። ስረግጥ እግሬ ባዶ ገባ። ለሱ ብዬ ብቻ አይደለም ዝም ያልኩት፤ ይህችም አለችበት። ቅጣት ይገባኝ ከነበረ ለዚህ ነበር፣ ለዓይኔና ለጉልበቴ አይደለም።

ሁለቱን ቁልፍ ይዤ ከፊውዝ ጋር መኪናው ውስጥ ገባሁ። መስኮት ዘጋሁ፣ ማራገቢያ አጠፋሁ። አልጮህኩም። "የቀድሞውን ባለቤት ሰርዢ" አልኳት።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"ከልቤ።"

"እባክሽ አዎ ወይም አይ በይ።"

"አዎ!" ፊውዝ ጆሮውን ያዘ። እሷ ግን ገባት።

ከዚያ ድምፅሽን ልወቀው፣ ዐሥር ዓረፍተ ነገር ተናገሪ አለችኝ። ምን ልበላት? የማውቀውን አልኳት። ቀበቶ እሰር። መስታወት እይ። ሲግናል አሳይ። ቀስ። ቀስ አልኩ። ፍሬን። ፍሬን! ስጨርስ "እናመሰግናለን፣ ባለቤት" አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ስናገር ያመሰገነኝ የለም፤ እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ፈጣኑ መንገድ ላይ ወጣሁ። በስድሳ። ድልድዩን አለፍኩ፣ ከተማው አለቀ። ሴትዮዋ ትንፍሽ አላለችም። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ ሄድኩ፣ ተመለስኩ።

አሁን መኪናው ሁለተኛ አሽከርካሪ አለው፤ አባትህ ነው። "ለማጅ" ብዬ መዝግቤዋለሁ፣ በሠላሳ ገድቤዋለሁ፣ ከሰፈሩ ቢወጣ ትጮህበታለች። ጠዋት ጠዋት እንወጣለን። ሁለተኛው ፍሬን ከእግሬ ሥር ነው፣ በየማለዳው ሳልፈትሸው አልነሳም። ድንጋጤ ላይ አሁንም ሁለት እግሩን አንድ ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ቀኝ ጉልበቱን በእጄ ይዤ አስተምረዋለሁ። አንተም ስምህ አለ። እንግዳ ነህ። እንግዳ ሬዲዮ መክፈትና መዝጋት ይችላል፣ ሌላ ሥልጣን የለውም።

ነጥቧን አልሰጥህም። የት እንዳለሁ ማወቅ ስትፈልግ ጻፍልኝ፣ እመልስልሃለሁ። ስናፍቅህ ደግሞ ደውል፤ ግን ውሃውን ዝጋው።

ሚያዝያ 14 ጠዋት ውጭ በሩ ጋ ቁም። በሠላሳ ስለምንመጣ ልንዘገይ እንችላለን፤ ታክሲ እንዳትይዝ። ለዚያ ቀን ብቻ ክልሉን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው አስፍቼለታለሁ። መሪው ላይ የምታየው አባትህ ነው። ዓይኑን ከመንገዱ ስለማያነሳ ሰላም ባይልህ አትቀየመው፤ ሞተሩን አጥፍቶ የእጅ ፍሬኑን ሲስብ ራሱ ወርዶ ያቅፍሃል። ያን ጊዜ ምንም አትበለው። ሻንጣህን ጫንና ከኋላ ግባ።

ቀበቶህን ደግሞ እሰር። ከኋላም ግዴታ ነው።

አክስትህ፣ የመኪናው ባለቤት